ሃያ ስድስት ደቂቃ ይሉኝታ

ወፍጮ ቤት አለኝ፤ አዲስ ሐርቡ፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ። ድምፄ ትልቅ የሆነው ከወፍጮ ጋር ስጮህ ስለኖርኩ ነው እንጂ ክፋት ኖሮብኝ አይደለም። ሰፈሩ ግን «ሶሊያና አፏ ራሱ ወፍጮ ነው» ይላል። ይበል። የዛሬው ወፍጮ ድምፅ የለውም፤ ደንበኛውም ድምፅ የለውም። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ የእጃቸው አምባር አንዴ ይነዝራቸዋል፣ ማን አንደኛ ማን ሁለተኛ እንደሆነ አውቀው በየቦታቸው ይቆማሉ። «እኔ እኮ ነኝ የቀደምኩት» የሚል የለም። በእናቴ ጊዜ በዚሁ ደጃፍ በተራ የተነሳ ፀጉር ለፀጉር ተነጫጭተዋል። አሁን ተራውን የሚነጋገሩት ጥላዎቻችን ናቸው፤ ዓይን እስኪርገበገብ ይጨርሱታል።

ወንድሜ ያፌት ልጅ ሆኖ «ጥላ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ካንተ ቀድሞ ገበያ የሚወርድ አንተ ነው» ብዬው ነበር። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት እስከዛሬ አላገኘሁም። አምባሩ ውሎህን ያያል፤ ማንን እንደረዳህ፣ ማንን እንደገፋህ፣ ሲበድሉህ ምን እንዳደረግህ። ሌሊት ሌሊት የከተማው ጥላዎች በሙሉ አንድ ላይ ይለቀቁና ይጋጠማሉ። ከሌላው ጋር ተስማምቶ የሠራ ዘር ይጥላል፣ ያልተስማማው መክኖ ይቀራል። ጠዋት ከተረፉት ውስጥ ለባሕርይህ የሚቀርበው አምባርህ ላይ ይወርዳል። በቃ ይኸው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነጣቂዎቹ ጥላዎች በዙ አሉ። ከዚያ ነጣቂ ከነጣቂ ጋር ተናክሶ አለቀና «እንዳደረግኸኝ ላድርግህ» የሚሉት ቦታውን ያዙት። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሁለት በደል ዝም ብለው የሚያልፉት በለጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ በሠላሳ ዓመት ውስጥ፣ በአዲስ ሐርቡ ካሉት አሥራ አንድ ሺህ ጥላዎች «ይቅደሙ» የማይል አንድም ጠፋ። ከሌላ ከተማ ሰው እየመጣ ጎበኘን። እኛም ኮራን፤ እውነቴን ነው፣ እኔም ኮርቻለሁ።

ያፌት እጄ ላይ ያደገ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ እሱ ስምንት። ትዳር ሳልይዝ የቀረሁት በሱ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የፀሐይ ሰሌዳ ይጠግናል። ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት ከጎረቤታችን ከሬያን ጋር ነው የሚሠራው። መሣሪያቸው አንድ፣ ምሳቸው አንድ፣ ቀልዳቸው አንድ። የሬያን ሚስት ኢክራም ከኔ ደጃፍ ሦስት በር አልፋ ነው የምትኖረው። ሁለቱንም ሴት ልጆቿን ስትወልድ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ያን እሁድ እማማ ሜላት የሚባሉ የሰፈራችን አሮጊት ጣሪያቸው ላይ ያለውን ሰሌዳ በረዶ ሰባብሮባቸው ደቦ ተጠራ። ያፌትና ሬያን ከሦስተኛው ፎቅ ጋር የተያያዘ የእንጨት መወጣጫ ላይ ቆመው ነበር። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ እንጨቱ ከሥሩ ከዳቸው። አብረው ወደቁ። እኔ ታች ውሃ እያቀረብኩ ነበር፤ ድምፁን እንጂ መውደቃቸውን አላየሁም። ዞር ስል ሁለቱ ጎን ለጎን መሬት ላይ ናቸው።

ቦርከና ማዶ ሆስፒታል ስንደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ሐኪሟ ብሌን ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን ቃሏ አይንቀጠቀጥም። እኔንና ኢክራምን ጎን ለጎን አቁማ ነገረችን።

«ሳልደባብቅ ልንገራችሁ። ሁለቱም ውስጥ ለውስጥ እየደሙ ነው። ሁለቱም ሰባ ደቂቃ ያህል አላቸው። እጁ አንዱን ለመጨረስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። አሁኑኑ አንዱ ከገባ ለሌላውም ይደርስለታል። ጠባብ ነው፣ ግን ይደርስለታል።»

እጁ የምትለው ከጣሪያ የተንጠለጠለውን የቀዶ ሕክምና እጅ ነው። ሁለት ነበራቸው፤ አንደኛው ባለፈው ሳምንት ለጥገና ወርዷል። ሐኪም ቢላ የሚይዝበት ዘመን አልፏል፤ ብሌን በዕድሜዋ ይዛ እንደማታውቅ ኋላ ነግራኛለች።

«እና ማን ይግባ?» አልኳት።

«እሱን እኔ አልመርጥም፣ እትዬ ሶሊ። ሕጉን ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ለሁለት ሰው ሲያስፈልግ የሚጨርሱት የራሳቸው ጥላዎች ናቸው።»

ግድግዳው ላይ ያለውን የመብራት ሰሌዳ አየች። እኛም አየን። ሰዓቱ ሦስት ከአርባ አምስት ይላል። ሁለት መብራት አለ፤ አንዱ የያፌት፣ አንዱ የሬያን። አረንጓዴ ማለት «እሱ ይቅደም» ማለት ነው፤ አንደኛው አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ነጭ ሲበራ ነጩ ይገባል። ሁሌም የሚያልቀው እንዲያ ነው። ያን ቀን ሁለቱም አረንጓዴ በሩ። በዚያው ቀሩ።

መጀመሪያ የተረዳ ሰው አልነበረም። ወረፋ ከሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «እሰይ! እንዲህ ነው ጉርብትና!» አሉ። አንዷ ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች። «እንዴት ያሉ የተባረኩ ሰዎች ናቸው» ተባለ። ምርቃት ሲዘንብልን እኔና ኢክራም አንገታችንን ደፍተን «አሜን፣ አሜን» እንላለን። ወይ ነዶ! ሰው ከውስጥ እየደማ አሜን እንላለን።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ናሆም መጣ። ናሆም የከተማው የጥላ ባለሙያ ነው፤ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሁሌ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው። ሰሌዳውን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት?» አልኩት።

«አንዱ ይቅደም ይላል፣ ሌላውም በዚያችው ቅጽበት ይቅደም ይላል። ይቅርታ፣ እትዬ ሶሊ። በር ላይ ተገናኝተው ግባ፣ አንተ ግባ እንደሚባባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰው ግን ይደክመዋል። እነዚህ አይደክማቸውም።»

«ስንት ጊዜ ተባባሉ?»

አምባሩን አየ። «ዘጠኝ ሚሊዮን አልፏል።»

«ሁለቱ አብረው አሥራ ስድስት ዓመት ስለኖሩ ጥላዎቻቸው መንታ ሆነዋል» አለ ቀጥሎ። «አንዱ ከሌላው የሚለይበት ሰበዝ ታህል ነገር ብትኖር ያበቃ ነበር። የለችም። ድሮ ለዚህ ዕጣ ነበረን። እኩል ሲሆኑ ዕጣ ይወጣል፣ ያልቃል።»

ዕጣው የት እንደሄደ ልጠይቀው አልቻልኩም፤ አውቀዋለሁና። ከስድስት ዓመት በፊት በከተማው ስብሰባ ያስቀረነው እኛ ነን። ቄሱም ሼኹም «የሰው ነፍስ በዕጣ አይሆንም» አሉ፤ እነሱስ በለሆሳስ ነው ያሉት። ከኋላ ተነስቼ «ሰው የቅርጫ ሥጋ ነው ወይ በዕጣ የሚከፋፈል?» ብዬ አዳራሹን ያናጋሁት እኔ ነኝ። ተጨበጨበልኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሦስት ከሃምሳ ስምንት ላይ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት የማሽኑ ድምፅ ጠራን። የሴት ድምፅ ነው፣ ትሑት። «የሁለቱ ቤተሰቦች ተስማምታችሁ አንድ ስም ጥሩ። ሦስት ዕድል አላችሁ። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ለአሥር ደቂቃ ወደ ጥላዎቹ ይመለሳል።»

ያፌት ልል ነው የሄድኩት። እግዜር ምስክሬ ነው፣ መስኮቱ ጋ የደረስኩት ያፌት ልል ነው። ግን ኢክራም አጠገቤ ቆማለች። ነጠላዋ ላይ የሬያን ደም አለ። ከኋላችን ሠላሳ ሰው ያያል። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«ሬያን ይቅደም።»

«ኧረ በአላህ፣ እትዬ ሶሊ!» አለች ኢክራም። «ያፌት ይቅደም።»

«አንድ» አለ ድምፁ።

«ሬያን የልጆች አባት ነው፣ ኢክራሜ። ይቅደም።»

«ያፌትስ ያንቺ ልጅ አይደለም? ይቅደም አልኩ እኮ።»

«ሁለት።»

እዚህ ላይ ልናገር። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ብላ ይባላል፣ «በልቻለሁ» ይላል። ሁለተኛ ይባላል፣ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል። ሦስተኛ ይባላል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትላለች፤ እንግዳውም ቁጭ ብሎ ይበላል። ሁሉም ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ማሟሻ ናቸው፣ ምግቡ ያለው ከበሞቴ በኋላ ነው። ግን ሞት በሩ ላይ ቆሞ እያለ በሞቴ ማን ይላል? እንዴት ይባላል?

«አንቺ ካልሽ እንግዲህ...» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷም ያንኑ ከኔ ጠበቀች መሰለኝ። ተያየን። «የናንተ ይቅደም» ብዬ ሦስተኛውን ተናገርኩ። «አይሆንም፣ የናንተ» አለች።

«ሦስት» አለ ድምፁ። «ስለ ትሕትናችሁ እናመሰግናለን።» መስኮቱ ተዘጋ።

አራት ሰዓት ከአንድ። ብሌን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ያን ቀን መጀመሪያና መጨረሻ ስትጮህ የሰማኋት ያኔ ነው። «ምን እያደረጋችሁ ነው? አሥራ ስድስት ደቂቃ በላችሁ እኮ! አሁንም አንዱ ከገባ ለሌላው ልደርስለት እችላለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ቃል አልገባም።»

አንድ መንገድ ቀርቷል። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስሙን ግን አንጠራውም። የታማሚው ቤተሰብ ብቻውን ተነስቶ የራሱን ሰው ስም ጠርቶ «ይቅደም» ካለ እጁ ይቀበለዋል። መስማማት አያስፈልገውም። ዋጋው የተናጋሪው ጥላ መደምሰስ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰበሰብከው መልካም ሥራ ይጠፋና እንደ አራስ ትጀምራለህ። ደቦ አትጠራም፣ ዕድር አይቆምልህም፣ የዳቦ ተራህ መጨረሻ ነው። በአዲስ ሐርቡ ታሪክ አንድ ሰው ብቻ ነው ያደረገው፤ በድርቁ ዓመት ለአንድ በርሜል ውሃ። ዮናታን ይባል ነበር። ከተማውን ጥሎ ከሄደ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ልጅ ሲያጠፋ «ቀዳሚው ዮናታን!» ብለን ነው የምንሳደብ።

ዕድርም ዳቦም ገደል ይግባ፤ እሱን አልነበረም የፈራሁት። ኢክራምን ነው የፈራሁት። ፊቷን።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው። ሁለቱ መብራቶች አረንጓዴ ናቸው፤ አንዳች ነገር አይንቀሳቀስም፣ ግን ውስጣቸው በሴኮንድ ስንት ሺህ ጊዜ ወንድሜ «ሬያን ይቅደም» እያለ ነው። አራት ከአራት። ናሆም ግድግዳ ተደግፎ ከንፈሩን ይነክሳል። አራት ከስድስት። ምርቃቱ ቆሟል፤ ወረፋ ጠባቂዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ እየወጡ ነው፣ ማየት አልፈለጉም። ከመጋረጃው ወዲያ አንዱ ሲያቃስት ይሰማኛል። የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም። ኢክራምም አልለየችውም፤ ሁለታችንም አንገታችንን አንድ ላይ ቀና አደረግን።

ብነግራችሁ የማፍርበትን ልንገራችሁ። ማስላት ጀመርኩ። እሱ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ የኔ ላጤ ነው። ሕጉ ይህን አይቆጥርም፣ እኔ ግን ቆጠርኩ። ቆጥሬም ሬያን እንደሚበልጥ አገኘሁ። ከዚያ ስምንት ዓመቱ ላይ ትኩሳት ይዞት «እትዬ አትሂጂ» ያለኝ ልጅ መጣብኝና ቁጥሩ ጠፋኝ።

አራት ከአሥር ላይ ወደ ኢክራም ዞር አልኩ። ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ከንፈሯ አንድን ቃል ይሞክራል፣ ይተወዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ልትለው ነው አልኩ በሆዴ። ትቀድመኛለች።

ብድግ ብዬ በዚያ በወፍጮ ድምፄ ጮህኩ። «ያፌት! ያፌት ይቅደም!»

አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ። አምባሬ ረዥም ነዘረኝ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ። የያፌት መብራት ነጭ ሆነ። በሩ ተከፈተ፤ አልጋውን ገፍተው አስገቡት። ሁሉም ነገር በአንዴ ሆነ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ኢክራም ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። እጄንም አልለቀቀችም። ብትለቀው ይሻለኝ ነበር። እንደዚያው ተያይዘን አርባ አንድ ደቂቃ ተቀመጥን። አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ብሌን ከመጋረጃው ወጥታ ኢክራምን በስሟ ብቻ ጠራቻት፣ እትዬ ሳትል። ያኔ ነው እጄን የለቀቀችኝ።

ያፌት አምስት ሰዓት ከአንድ ላይ ወጣ። ይተርፋል አሉኝ። አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም።

ሬያን በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ተቀበረ። እኔ ከሆስፒታሉ አልወጣሁም። ሰኞ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ማዞሪያው ጋ ሄድኩ፤ የመጨረሻ እንደምሆን አውቄ ከሁሉ ኋላ ቆምኩ። አምባሬ ነዘረኝ። ከፊቴ የነበሩት አሥራ ስድስት ሰዎች አምባርም አንድ ላይ ነዘረ። አሥራ ስድስቱም ገለል አሉልኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ አምባሩ እለፍ ሲል ማለፍ፣ ቁም ሲል መቆም ነው የለመዱት። ዳቦዬን ይዤ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ናሆም ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ።

«እትዬ ሶሊ፣ ይቅርታ። አዲሱ ጥላሽ ሌሊት ተጋጠመ።»

«ተሸነፈ በለኛ።»

«አልተሸነፈም። ገና አራስ ነው፤ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ «ልቅደም»፤ እሱኑ ለአሥራ አንዱም ሺህ ጥላ አለው። አንድም እምቢ ያለው የለም። እምቢ ማለትን የሚያውቁት ካለቁ ቆይተዋል።» አምባሩን አየ። «ሁለት መቶ አርባ ዘር ጥሏል። ዛሬ ጠዋት በሁለት መቶ አርባ ሰው አምባር ላይ ወርዷል።»

«አጥፋው እንጂ!»

«በምን ሕግ? ሁሉም በሕጉ ነው የሄደው። በሳምንት ውስጥ የከተማው ሲሶ ይሆናል። ከዚያ እርስ በርሱ መገናኘት ይጀምራል።»

«ሲገናኝስ?»

በአገጩ ወደ መንገዱ አመለከተኝ። በመንገዱ ማዶ አውቶቡስ ቆሞ ነበር። በሩ ላይ ሁለት ጎልማሶች አንድ ላይ እግራቸውን አነሱ። ሁለቱም አላቆሙም። ትከሻ ለትከሻ ተጋጩና አንደኛው ሌላውን በክርኑ ደቆሰው። የተደቆሰው ሰውዬ ጎኑን ይዞ፣ ምን እንደደረሰበት ያልገባው ሰው ይመስል፣ የሌላውን ክርን እያየ ቆመ።

ማክሰኞ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ለመግባት ድፍረት አጥቼ ደጁ ላይ፣ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ አይተው እንዳላየ አለፉኝ። ኢክራም ራሷ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች። አጠገቤ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሶብር ይስጥሽ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል።

«አሚን።»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፤ አልቻልኩም። «ኢክራም» አልኩ። «ያን ጊዜ፣ ከመጮኼ በፊት፣ ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እያልሽ ነበር?»

«እሺ ማለትን እየተለማመድኩ ነበር» አለች። «አራተኛ ትለምነኛለች ብዬ። አራተኛ ብትይኝ እሺ ልልሽ ነበር። እሺ ማለቱ ራሱ ደግሞ ከበደኝ። አንዴ ልለው እሞክራለሁ፣ እተወዋለሁ።»

«እኔ እንኳን አራተኛውን» አልኳት፣ «አንደኛውንም ከልቤ አላልኩትም።»

«አውቃለሁ። እኔም አላልኩትም።»

ትንሿ ልጇ ከውስጥ ጠራቻት። ኢክራም ተነሳች፤ ግን አልገባችም። ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያፌት ሲነቃ መጠየቁ አይቀርም። ሬያን ቀድሞ ገባ፣ ግን አልተሳካም በይው።»

«ልዋሸው?»

«አዎ። እውነቱን ከሰማ ከዚያ አልጋ አይነሳም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ከባሌ ለይቼ አላየውም። አንድ ሰው ሞቷል፣ ይበቃል። ሰፈሩን እኔ ዝም አሰኛለሁ፣ አንቺ ብቻ እንዳልኩሽ በይው። ቀድሞ ገባ፣ አልተሳካም።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። ይህን እንድታደርግ የመከራት ጥላ የለም። ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ጫማ ማውለቂያ ላይ ቁጭ ብላ ወንድሜን ሰጠችኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ያፌት የነቃው ዛሬ ነው፣ ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት ግድም። አምባሩን ለቀዶ ሕክምናው አውልቀውለታል፤ አንጓው ላይ ነጭ ቀለበት ቀርቷል። ከንፈሩ ደርቋል። በጥጥ ውሃ አስነካሁት። ዓይኑን ጣሪያው ላይ አንከራተተው፣ ከዚያ እኔን አገኘኝ።

«እትዬ።»

«አለሁ፣ የኔ ጌታ። አለሁ።»

«ሬያን ቀደመ?»

ያ ጥላው ሃያ ሚሊዮን ጊዜ ያለውን ቃል በገዛ አፉ አለው። ኢክራም የሰጠችኝን ይዤዋለሁ፤ ከትናንት ጀምሮ በሆዴ ስለማመደው ነው ያደርኩት። ቀድሞ ገባ፣ አልተሳካም። ቀድሞ ገባ፣ አልተሳካም።

«አዎ» አልኩት። «ቀድሞ ገባ።»

ፊቱ ሁሉ ፈታ አለ። እንደ ሕፃን ፈገግ አለ፣ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። «ተመስገን» አለ። «ተመስገን ጌታዬ። እኔ እኮ አንቺ ግትር እንዳትይ ፈርቼ ነበር።»

የቀረውን ልል አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ዓይኑን ከድኖ ነበር። እጄን ጨብጦ፣ እየሳቀ እንቅልፍ ወሰደው።

ይኸው አሁንም ተኝቷል። ብሌን ገብታ አየችው፤ ልቡ በደንብ እየመታ ነው አለችኝ፣ እንዲህ የተረጋጋው ዛሬ ነው አለችኝ። ማታ ላይ ይነቃል። ሲነቃ ሬያን የትኛው ክፍል እንደተኛ ይጠይቀኛል።